ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ከእኔ የሚሻል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አይጠፋም። በደንብ አላውቀውም። ቤቴ ከቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ራስ በመነቅነቅ ሰላም እንባባላለን፤ ፀጉር ቤት ከተገናኘን ደግሞ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል እንለዋወጣለን። ከዚያ በላይ የተቀራረብነው በአንድ ክረምት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ያየሁት እጁን ነው፤ ልቡን አየሁ ብዬ አልዋሽም።

ሰፈሩ "አፍንጫው" ይለዋል። ስድብ አይደለም፤ አፍንጫውም ትልቅ አይደለም። ሥራው ነው እንዲህ ያሰኘው። ግድግዳ ይመረምራል። አንድ ቤት ውስጥ ሰው ጉንፋን ሳይዘው ሲያስነጥስ ከከረመ፣ ታጥቦ የደረቀ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ እንደገና ከሸተተ፣ ወይም ተከራይ ገብቶ ሳይሰነብት ጓዙን ከጠቀለለ፣ "እስቲ አፍንጫውን ጥሩት" ይባላል። ይመጣል፤ ግድግዳው ውስጥ ከዓይን የተደበቀ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል፤ ያገኘውን ይነግራቸዋል፤ ይሄዳል። ማፍረሱና መጠገኑ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

በዚያ ክረምት ወገቡን አሞት መሰላል መሸከም አቅቶት ነበር። እኔ ደግሞ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ማሽኑ ተበላሽቶ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጠዋት ከበራቸው ላይ ሆኖ፣ "ጎረቤት፣ ደጅ ደጁን ስታይ ከምትውል መሰላል ብትይዝልኝስ?" አለኝ። እምቢ ማለት ስለማልችልበት እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድነው አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። በሩን ስትከፍትልን የቀለም ሽታ ከእሷ ቀድሞ ወጣ።

"ቀባሽው?" አላት፣ ገና ሰላም ሳይላት።

"ታዲያ ሰው ይመጣል ተብሎ ቤቱ እንዲያ ሆኖ ይቆይ?"

"ምንም አትንኪ፣ አትወልውይ፣ መስኮት አትክፈቺ ብዬሽ አልነበር?"

"ብለኸኛል። ግን ያን ጥቁር ነገር አይተህ ምን ትለኛለህ ብዬ ነው።"

"ያን ጥቁር ነገር ለማየት እኮ ነው የመጣሁት፣ እህቴ!"

"እንግዲህ የትም አልሄደ፤ ከቀለሙ ሥር ነው ያለው" አለችው፣ ምንም ሳታፍር።

እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አየህ? ሐኪም ጋ ከመሄዳቸው በፊት በሽታቸውን ታጥበው የሚሄዱ ናቸው" አለኝ። ሴትየዋም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

በኋላ እንዳየሁት ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። መርማሪ ሊመጣ ነው ሲባል ይቀባሉ፤ ይወለውላሉ፤ መስኮቱን በርግደው ያናፍሳሉ፤ ባዶውን ግድግዳ በሥዕል ይሸፍናሉ። ቤታቸው ሻገተ ከሚባል አንድ ዓመት ቢያስሉ ይመርጣሉ። ስለዚህ እሱ አንድ ቤት ሲገባ ግድግዳውን አያይም። ዕቃውን ነው የሚያየው። የትኛው ቁም ሳጥን በር እየዘጋም ቢሆን ከቦታው ያልተነሳ፣ የትኛው ሶፋ ያለ ምክንያት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ የትኛው መጋረጃ መስኮት በሌለበት የተሰቀለ፣ እሱን ይፈልጋል። ከዚያ "ይሄን እንግፋው" ይላል።

ቀጥሎ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት ያንኳኳል። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ አለው፤ እሱን ልስኑ ላይ ይሰካና ቁጥሩን ያያል። ከተጠራጠረ በቀጭን ድሪል ይበሳል፤ በቀዳዳው እንደ ገመድ የሚጣጠፍ ትንሽ ካሜራ ያስገባል። እኔ መብራት እይዝለታለሁ። ክዳን ያላት ትንሽ የመስታወት ሰሃንም አለችው፤ ቀዳዳው ሥር ከፍቶ ያቆያትና ይከድናታል፤ ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጣት አየሩ ውስጥ ያለው ነገር ሰሃኗ ላይ ይበቅላል። ሲጨርስ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፤ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ አዙሮ ያለሰልሰዋል። "የኔን ቀዳዳ ያገኘ ሰው የለም" ይላል። ይህቺን ሲል ትንሽ ይኮራል።

ሲናገርም አይሽኮረመምም። ያስቀምጣቸውና ወይ "አለ" ይላል፣ ወይ "የለም" ይላል። ልብስ ሰፊዋን፣ "አለ። አልጋሽን ዛሬውኑ ከዚህ አንሺ" አላት። ከአፉ "ምናልባት" የምትል ቃል ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ከአፌ የማትጠፋው ቃል እሷ ስለሆነች ይሆናል ልብ ያልኩት።

ሽታውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የረጠበ ካርቶን፣ ለዓመታት ያልተከፈተ ሻንጣ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ አፈር፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። አንዴ ካወቁት ከአፍንጫ አይጠፋም። ባላውቀው ኖሮ ደግ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

የሚኖሩበት ቤት የአማቱ ነው። አማቱ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ "አባባ" ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚዞሩበት። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠሩት እሳቸውና ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሚስትየዋ አሸዋ የተሸከመችው ያቺን አንድ ልጃቸውን በሆዷ ይዛ ነው ይባላል። ፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የአባባ ነው። በጓሮ በኩል ያለው የልጃቸውና የአፍንጫው መኝታ ቤት ነው። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ በዚህ የጓሮ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚያልፈው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ፣ "ይሄ ነገር በውጭ በኩል ቢዞር ይሻላል፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ከፍተን እናወጣዋለን" ቢላቸው፣ አባባ በከዘራቸው እስከ በር ሸኝተውታል። "እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄን ግድግዳ መዶሻ አይነካውም" ብለው።

ልጃቸው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። የሕፃናቱን መዝሙር ቤቷ ልብስ እያጠበች ነው የምትለማመደው። እኔ ልጅ የለኝም፤ ግን የጥንቸሏንም፣ የባቡሩንም፣ የጣቶቹንም መዝሙር በቃሌ አውቃለሁ፤ መንገድ ተሻግሮ መስኮቴ ድረስ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ግን መዝሙሩ ግማሽ ላይ እየተቋረጠ መጣ። ባቡሩ ተነስቶ ይሄድና ዳገቱ ላይ ሳል ይይዘዋል። በኋላማ ሳሉ ብቻ ቀረ። ትምህርት ቤቱ፣ "ድምፅሽ እስኪመለስ እረፊ" ብሎ ቤት አስቀመጣት። ቤት ስትውል ደግሞ ባሰባት።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ሻይ ካልጠጣህ ብላ አስገባችኝ። አባባ ወንበራቸው ላይ፣ አፍንጫው ከጎኔ፣ እሷ ከፊቴ። ሐኪም ጋ ሄዳ እንደነበር እየሳቀች ነገረችኝ።

"ሐኪሙ 'ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ? የሚሻግት ነገር አለ ወይ?' ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። 'ዶክተር፣ ባለቤቴ ማን እንደሆነ ብታውቅ!' አልኩት። ነገርኩት። 'እንግዲያውስ እሱን እንተወውና ሌላ እንፈልግ' አለ። ይኸው ሌላ እየፈለገ ነው፤ ደም ይቀዳል፣ ራጅ ያነሳል..."

"አንተስ አብረሃት አልነበርክም?" አልኩት አፍንጫውን፣ ወሬ ለመቀጠል ያህል።

"ከጎኔ ነበር" አለች እሷ። "ምን ይበል? ሐኪሙ እንደውም ጨበጠው።"

አባባ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አድርገው፣ "የኔ ግድግዳ ውሃ አያስገባም" አሉ። አፍንጫው ሻዩን ያማስል ነበር። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል።

ያን ቀን ምንም አልገባኝም። የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ መለዋወጫ አምፖል ከመኝታ ቤቱ አምጣልኝ ብሎ ሲልከኝ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ቁም ሳጥን የጓሮውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የአልጋው ራስጌ ከእሱ ሥር ነው። አምፖሉን ከሳጥኑ አናት ላይ ላወርድ ስንጠራራ ሽታው መጣ። የረጠበው ካርቶን፣ ያልተከፈተው ሻንጣ፣ አፈሩ። ስዞር በሩ ላይ ቆሟል። አፍንጫዬን ነበር የሚያየው።

"አገኘኸው?" አለኝ።

"አምፖሉን?" አልኩ። ፈሪ መሆኔ እዚህም አልተወኝም።

"አዎ፣ አምፖሉን። በል ና እንሂድ።"

መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ እንዲህ አለኝ፦ "ሰው ቤት ገብቼ 'አለ' ብዬ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ቀሪው የነሱ ነው። የራስህ ቤት ሲሆን በየት በኩል ትወጣለህ?"

"ለእሷ ብቻ ብትነግራትስ?"

"ብነግራት ምን እንደምትል ልንገርህ? 'አባባ እንዳይሰማ' ነው የምትለው። ከዚያ እያወቀች ትተኛበታለች። አሁን ቢያንስ የምትተኛው ሳታውቅ ነው።"

"ዘመድ ቤት ቢጤ..."

"ምን ብዬ? ሐኪሙ እንኳ 'ቤታችሁ ደህና ነው' ብሏል። በኔ ስም ነው ያለው።" ትንሽ ሄደና ቆመ። "አማቴን 'ልጅዎን የሚያሳምማት እርስዎ የሠሩት ግድግዳ ነው' እንዴት እላቸዋለሁ? አንተ ትላቸዋለህ?"

እኔ ምንም የማልል ሰው መሆኔን እያወቀ ነው የጠየቀኝ። መሰላሉን ወደ ሌላኛው ትከሻዬ አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ባየሁ ቁጥር መስኮቱን ነበር የማየው። ዝናብ ሲጥል ይብሳል። ውሃው በቧንቧው ሲወርድ ሲንኮሻኮሽ ከመንገድ ይሰማል፤ ተከትሎ ሳሏ ይመጣል። እሱ ጠዋት ከበር ሲወጣ ትከሻው ይወርዳል፤ ማታ ሲገባ በሩ ላይ ትንሽ ይቆማል፤ ቁልፉን እንደረሳ ሰው ኪሱን ይዳብሳል። ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ በመስኮት ጠራችኝ። "ወንድሜ፣ ና እስቲ አግዘን! የባሌ ወገብ እንደሁ ታውቀዋለህ!" አክስቶቿ ሊጠይቋት ሊመጡ ነው። እሷም እንደሁሉም ሰው መኝታ ቤቱን ልትቀባ ተነስታለች። አንድ ባልዲ ቀለም ደጅ አስቀምጣ እየበጠበጠች ነው፤ ሁለት ጊዜ ትበጠብጥና ደረቷን ይዛ ትቆማለች።

"አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እበጠብጠዋለሁ" አልኳት።

"አንተ ቁም ሳጥኑን ግፋ። ቀለም መበጥበጥ እንኳ ካቃተኝማ ቅበሩኝ!"

መኝታ ቤት ገባሁ። አፍንጫው የቁም ሳጥኑን ጠርዝ ይዞ ቆሟል፤ አይገፋም። "ከጀርባው ባይቀባ ምን አለበት? ማን ያየዋል?" አለ፣ ቀስ ብሎ። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እሱ ራሱ የሚስቅበት ነገር ነበር። አባባም ተከትለውኝ ገብተው ኖሯል።

"ግፉት" አሉ። "እናቷ ከሞተች ወዲህ ያን ግድግዳ አልነካሁትም።"

ገፋነው። አባባ ከዘራቸውን አልጋው ላይ አጋደሙና ግድግዳው ጋ ቀረቡ። ሰፊ መዳፋቸውን ልስኑ ላይ አሳርፈው ከዳር ጀምረው ቀስ እያሉ ሄዱ፤ የከብት ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። እጃቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አውራ ጣታቸው በአንዲት ትንሽ ክብ ላይ ዞረ።

"ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አሉ።

አፍንጫውን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም። አባባ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ስቱኮው እንደ ጠርሙስ ክዳን ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አባባ ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉና ቆዩ። ሲነሱ ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ነው።

"በስተኸዋል" አሉት።

"አዎ፣ አባባ።"

"ምን አገኘህ?"

ደጅ ሚስቱ ባልዲውን ስትበጠብጥ ይሰማል። ዱላው የባልዲውን ጠርዝ ይመታል፣ ይቆማል፣ ሳል፣ እንደገና ይመታል። ለልብስ ሰፊዋ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊት የሚናገረው ሰው አፉን ከፈተ።

"ምናልባት..." አለ።

አባባ የቀረውን አልጠበቁም። ጎንበስ ብለው በዳበሳ ስቱኮውን ከወለሉ አነሱ፤ ቀዳዳው ላይ መለሱት፤ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። "ሳጥኑን መልሱት" አሉን። "እኔ የሠራሁት ነው፤ እኔ እተኛበታለሁ። እሷ እንዳትሰማ። አንተም ዝም በል።"

"አባባ፣ እርስዎ እዚህ ውስጥ..."

"ዝም በል አልኩህ እኮ። እስካሁንስ ዝም ብለህ አልነበር?"

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ ወዲህ!" አሉ። ልጃቸው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ክፍል እንለዋወጥ። ያ የመኪና ጩኸት እንቅልፍ ነሳኝ።"

"ምን ሆነሃል አባባ? ትናንት እኮ 'መንገዱን ካልሰማሁ የነጋ አይመስለኝም' ስትል ነበር።"

"ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ ጠላሁት።"

"ፀሐዩስ? ፀሐይ ትወድ የለም እንዴ? እዚህ እኮ ፀሐይ ዝር አይልም።"

"ፀሐዩን አንቺ ሙቂው። እኔ የሞቅሁት ይበቃኛል።"

"አክስቶቼ ምን ይሉኛል? አባቷን ጓሮ ጣለችው አይሉኝም?"

"በከዘራ ነው የማባርራቸው፣ ንገሪያቸው" አሉ። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባባ ሳሉ እስኪያልፍ ራሷን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። ያ መዳፍ አሁን ግድግዳውን የዳበሰው ነው።

አልጋዎቹን እኔና አፍንጫው ተሸክመን አቀያየርናቸው። ወገቡን እያመመው ነበር፤ ተው ብለው አልተወም። ቀለሙ ሳይቀባ ቀረ፤ አባባ ሽታው ራሴን ያመኛል ብለው ከለከሉ። እሷም፣ "ሽማግሌ ሲያረጅ እንደ ሕፃን ይነጫነጫል፤ እኔ የማስተምራቸው ይሻላሉ" እያለች ባልዲውን ከደነችው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት የባቡሩ መዝሙር መስኮቴ ጋ ደረሰ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ባቡሩ ዳገቱን ወጣ። ጥርሴን እየፋቅሁ ቆሜ ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤቱም መልሶ ጠራት። ሐኪሙ ከሰጠኝ መድኃኒት አንዱ ነው የያዘልኝ ትላለች፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። መዝሙሩ ሲያልቅ ከጓሮ በኩል ሌላ ሳል ሰማሁ። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ።

የማተሚያ ቤታችን ማሽን ሊጠገን ሲል ለመጨረሻ ጊዜ አብሬው ሥራ ሄድኩ። ባዶ ቤት ነበር፤ ተከራይ ጥሎት የወጣ። እሱ ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ድሪሉን ያስተካክላል፤ እኔ መብራት ይዣለሁ። ፊቱ ስላልታየኝ ይመስለኛል ድፍረት ያገኘሁት።

"አባባ ጓሮ ናቸው አሁንም?" አልኩት።

"እዚያው ናቸው።"

"ያስላቸዋል፤ እሰማለሁ።"

"ያስላቸዋል።"

"ሐኪም ጋ አይሄዱም?"

"እምቢ ይላሉ። እሷ የዕድሜ ነው ብላለች።" መሰርሰሪያውን ነፋ ነፋ አደረገና አቧራውን አራገፈ። "እንዳልናገር አስምለውኛል።"

ዝም ልል ነበር። ዝም ማለት የለመድኩት ነገር ነው። ግን ሽታው ያ ባዶ ቤት ውስጥም ነበረ፤ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

"ታዲያ እስከ መቼ ነው እዚያ ውስጥ የምትተዋቸው?" አልኩት።

ዞር ብሎ አላየኝም። የድሪሉን ጫፍ ልስኑ ላይ አስተካክሎ አሳረፈና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

"መብራቱን ወደዚህ" አለኝ።

አስጠጋሁለት።